የድሬዳዋ የኅብረት ሱቅ፦ ሰልፉ ይታወሳል፣ ባለቤትነቱስ?

ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት ባለፈ የድሬዳዋ ሰው ፊት «የኅብረት ሱቅ» የሚለውን ስም ቢያነሡ መጀመሪያ የሚያወራዎ ስለ ሰልፍ ነው። ገና ሳይነጋ በድንጋይና በዘንቢል ስለተያዘ ወረፋ፣ በእጅ ላብ ስለራሰ የራሽን ካርድ፣ «ስኳር አልቋል» ተብሎ ስለተዘጋ መስኮት ይነግርዎታል። ከዚያ ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶም «ያም ሆኖ ልጆቻችንን ያሳደግነው በእሱ ነው» ይላል።

የሱቁ ታሪክ ከሰልፉ ይረዝማል። የማን ነበር? በማን ገንዘብ ተከፈተ? ለምንስ ተዳከመ? ይህን ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ያለፈውን ለመናፈቅ አይደለም። አሁንም ብዙ ቤተሰብ ዘይትና ስኳር የሚገዛው ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ነው። ከእነዚህ ገዢዎች ብዙዎቹ የሱቁ አባል፣ ማለትም ባለቤት ናቸው። ባለቤት መሆናቸውን የሚያስታውሱት ግን ስንቶቹ ናቸው?

ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ዐፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊዙ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር ለመግባት ነበር። ተራራውን መውጣት ለባቡሩ አስቸጋሪ፣ ለኩባንያውም ውድ ስለሆነበት መስመሩ ከተራራው ሥር እንዲያልፍ ተደረገ። አዲሱ መንደር መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ የጸናው ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከተማዋ ደቻቱን መሐል አድርጋ በሁለት ወገን አደገች። በአንዱ ወገን ከዚራ አለ፦ ጣቢያው፣ የባቡሩ መጠገኛ ጋራዥ፣ በዛፍ የተሸፈኑ ቀጥ ያሉ መንገዶች። በሌላው ወገን መጋላ አለ፦ ገበያው፣ ጠባብ መተላለፊያው፣ የሕዝቡ ግርግር። የባቡሩን ድርጅት ሕዝቡ በፈረንሳይኛ ስሙ «ሸሚን ደፈር» እያለ ጠራው። ሸሚን ደፈር የገባ ሰው ደመወዝተኛ ነው፤ ልጁን ያስተምራል፣ ቤተሰቡን ይረዳል፣ ጎረቤቱም ያከብረዋል። የባቡር ሠራተኞች በአገራችን በማኅበር ለመደራጀት ቀዳሚ ከሆኑት ሠራተኞች መካከል መሆናቸውም ይታወቃል።

ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። የምትበላውን ሁሉ ከደጇ አታመርትም። እህሉና አትክልቱ ከሐረርጌ ደጋ ይወርድላታል፤ ጨርቁ፣ ላምባውና የፋብሪካ ዕቃው በባቡር ይመጣላት ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ ሱቅ ትልቅ ጉዳይ ነው። በቀድሞው ጊዜ ከሱቆቹ ብዙዎቹ የአረቦች፣ የህንዶች፣ የግሪኮችና የአርመኖች ነበሩ። ደንበኛና ባለሱቅ በስም ይተዋወቁ ነበር። ደመወዝ እስኪደርስ ድረስ ዕቃው በዱቤ ይወሰዳል፣ በደብተር ይጻፋል፣ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል።

ዱቤ ብዙ ቤት ከረሃብ አድኗል። የራሱ ችግርም ነበረው። ዕዳ ያለበት ሰው «ዋጋው ለምን ጨመረ?» ለማለት አፉ አይደፍርም፤ ሚዛኑ ቢያጠራጥረውም ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም። ደብተሩ ያስረዋል። የኅብረት ሱቅ ሐሳብ የተወለደው፣ በየትም አገር ይሁን፣ ከዚህ ችግር ነው።

ከሮችዴል እስከ እድራችን

የዓለም የኅብረት ሥራ ሰዎች እንደ መነሻ የሚጠቅሱት በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የጨርቅ ፋብሪካ ከተማ የተከፈተ ሱቅ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፣ 28 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው በቶድ ሌን መንገድ ላይ አንድ ክፍል ከፈቱ። ከመካከላቸው ብዙ ሸማኔዎች ነበሩ፤ ገንዘቡንም ያጠራቀሙት በየሳምንቱ ሳንቲም እያስቀመጡ ነው። የመጀመሪያ ቀን ለሽያጭ ያቀረቡት ቅቤ፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር።

ደንባቸው ቀላል ነው። ዱቤ የለም። ሚዛኑ ትክክል ይሁን። ምግቡ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ይሁን፤ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ዱቄት ውስጥ ኖራና አልም የሚጨምሩ ነጋዴዎች ነበሩና። ትርፉ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ለገዛ አባል እንደ ግዢው መጠን ይመለስ። ብዙ አክሲዮን ያለውም ጥቂት ያለውም በስብሰባ ላይ አንድ ድምፅ ይኑረው። ከትርፉም ጥቂቱ ለትምህርት ይዋል።

ለእኛ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እቁብ የጣለ፣ እድር የገባ ሁሉ ያውቀዋል። በእድር ስብሰባ ጸሐፊው ሒሳቡን ያነባል፤ አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው «ባለፈው የተገዛው ድንኳን ስንት ነው ያላችሁት?» ይላሉ። ማንም አይቆጣቸውም፤ ገንዘቡ የእርሳቸውም ነው። በመንግሥት ደረጃም የኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 241 ሕግ ወጥቶላቸው ነበር። ይሁን እንጂ በከተማ በየሰፈሩ የኅብረት ሱቅ ሲከፈት ያየነው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

ቀበሌው ሱቅ ሲከፍት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ አብረው ተቋቋሙ። ከቀበሌዎቹ ሥራ አንዱ የኅብረት ሱቅ ሆነ። ነዋሪው የአክሲዮን ገንዘብ አዋጣ፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ አንድ ቤት ተለቀቀ፣ መደርደሪያ ተመታ፣ ሚዛን ተገዛ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ሰው ብዛቱ የሚታደልበት ካርድ ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ያልነበረ የለም ማለት ይቻላል፤ ዕቃው ሲመጣ ነው ታዲያ። ስኳር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ደብተርና እርሳስ፣ አቡጀዴ፣ አንዳንዴም ጤፍና ዱቄት። ዋጋው ከግል ሱቅ ያነሰ ነበር። ለሸሚን ደፈሩ ሠራተኛም፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ሠራተኛም፣ ጉልት ለምትሸጠዋ እናትም ዋጋው አንድ ነው። ወረፋው ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አደርኛ ይሰማል። አንዱ በአንዱ ቋንቋ ይጠይቃል፣ ሌላው በሌላው ይመልሳል፤ ድሬ እንደዚያ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ፈተና መጣ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ድሬዳዋ ሲገሠግሥ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፤ ለወራትም ሥራ አቆመ። በባቡር ለምትኖር ከተማ ይህ የደም ሥር እንደ መቆረጥ ነው። የዚያን ጊዜ እናቶች እንደሚናገሩት፣ ጥቂቱ ስኳርና ጨው ለሁሉም በካርድ ባይደርስ ኖሮ ገንዘብ ያለው ብቻ ይጠቀም ነበር። የእደላ ሥርዓት የሚመሰገንበት ጊዜ ቢኖር እንዲህ ያለው ነው። ዕቃ ሲጠፋ ድርሻን በእኩል ማከፋፈል የድሃውን ልጅ ያድናል።

ከሕፃናት ክፍል የሚታየው

እኔ ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ድሬዳዋ የተመደብሁት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ስንሠራ የሱቁን ሁኔታ ለማወቅ ወደ ሱቁ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ሳሙና ለሳምንታት ሲጠፋ እከክ የያዛቸውና ዓይናቸው የሚያዝ ልጆች ይበዙብናል። ሳሙና ሲመጣ ወረፋችን ይቀንሳል። ሱቅ ጤና ጣቢያ ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ የጤና ጣቢያ ጎረቤት ነው ማለት ግን እችላለሁ።

የዱቄት ወተት ነገርም አለ። ወተቱ ሲጠፋ አንዳንድ እናቶች ቆርቆሮው እንዲቆይላቸው ውሃውን ያበዙት ነበር። ልጁ ጡጦውን ይጨርሳል፣ ሆዱ ይሞላል፤ ሚዛን ላይ ስናወጣው ግን አይጨምርም። አንዲት እናት ይህን ስነግራት «ሲስተር፣ ሱቁ ቢሰጠኝ እኔ መች እጠላ ነበር?» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ለዚህ ነው እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ እያልን የምንወተውተው፤ የእናት ጡት ወረፋ የለውም።

ሁሉም ነገር ከአንድ ባንኮኒ የሚሸጥበት ሱቅ አንድ አደጋም ነበረው። ላምባ የሚቀዳው ቤት ውስጥ በተገኘ ጠርሙስ፣ ብዙ ጊዜም በለስላሳ ጠርሙስ ነው። በድሬ ሙቀት የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን አንሥቶ ይጠጣል። ዛሬም ላምባ፣ በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል በውሃና በለስላሳ ጠርሙስ የሚያስቀምጥ ቤት አለ። እባካችሁ ይቅር። ልጅ ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የጠጣበትንም ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

ሱቁ ባለቤቱን ሲያጣ

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም ያለው ሱቅ ለምን ተዳከመ? ብዙ ሰው «የዕቃ እጥረት ነው» ይላል። እጥረቱ እውነት ነው፤ ዕቃውን የሚልኩት የመንግሥት ማከፋፈያ ድርጅቶች ነበሩ፤ ከላይ ካልመጣ ሱቁ ባዶ ነው። እኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ይመስለኛል።

አባልነቱ በውድ አልነበረም። የቀበሌ ነዋሪ ከሆንህ አባል ነህ፤ አባል ካልሆንህ ካርድ የለህም፤ ካርድ ከሌለህ ስኳር የለህም። ኮሚቴው ከቀበሌው ሥልጣን ጋር የተያያዘ ነበር። በእድር ስብሰባ እጃቸውን የሚያነሡት አዛውንት በቀበሌ ስብሰባ ዝም ይላሉ፤ ስለ ሒሳብ መጠየቅ ሌላ ስም ሊያሰጥ ይችላልና። ገንዘቡን ያዋጣው ሕዝቡ ነው፤ የሚጠይቅበት አፍ ግን አልነበረውም።

ጠያቂ የሌለው ሱቅ የጓሮ በር ያወጣል። የዕቃው ግማሽ በፊት ለፊት መስኮት፣ ግማሹ በጓሮ ይሸጥ ጀመር። እኔ በኖርሁበት ሰፈር ሱቅ ሚዛኑ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሻጭ ነበር፤ ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። አንዳንዴ ስኳር ለማግኘት የማይፈልጉትን ዕቃ አብረው ይግዙ ይባላል። በሌላ በኩል ከጅቡቲ በባቡር የሚገባው የኮንትሮባንድ ዕቃ በመጋላ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ወደዚያ ሄደ፤ ሰልፉ ላይ የቀረው ገንዘብ የሌለው ነው።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጀ፤ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ መንግሥቱ ራሱ ተለወጠ። ነጻ ገበያ ሲመጣ ብዙዎቹ የኅብረት ሱቆች ደክመው ተዘጉ። ቤቶቹ ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። አክሲዮን የከፈሉ አባላት ብዙዎቹ ደረሰኛቸውን በሳጥን ውስጥ እንደያዙ ቀሩ። ሱቁ ሲዘጋ «የእኛ ሱቅ ነው፣ አይዘጋም» ያለ ሰው አልነበረም። ለዓመታት የእነሱ እንዳልሆነ ተምረው ነበርና።

ሁለተኛው ዕድል

የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደገና ሕጋዊ መሠረት ያገኙት በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 147 ነው፤ በኋላም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፦ አባልነት በፈቃደኝነት ይሁን፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይኑረው፣ የበላይ ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ይሁን። የድሮው የቀበሌ ሱቅ ያጣው ይህንኑ ነው። በዚህ መሠረት የሸማቾች ማኅበራት በድሬዳዋም በሌሎች ከተሞችም ሱቅ ከፈቱ።

ከተማዋም ተለውጣለች። የድሮው ባቡር እንደ ቀድሞው አይደለም፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የኑሮ ውድነቱ ግን ሁላችንንም ያገኘናል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ፣ ቅቤ ውስጥ ሌላ ነገር ተገኘ የሚል ወሬ በሚሰማበት ዘመን፣ ትክክለኛ ሚዛንና ንጹሕ ምግብ የሚሸጥ የራስ ሱቅ መኖሩ ለልጆቻችን ጤና ትልቅ ነገር ነው። ሮችዴሎቹ ያሰቡትም ይህንኑ ነበር።

ችግሩ ብዙዎቻችን አዲሱን ሱቅ በአሮጌው ልማድ መያዛችን ነው። «ዘይት መጣ?» ብለን እንጠይቃለን፤ «ሒሳብ ተመረመረ?» ብለን አንጠይቅም። ወረፋ ለመያዝ ማልደን እንነሣለን፤ ለዓመታዊው ጉባኤ ግን ጊዜ የለንም። ጉባኤው ሰው ሳይሞላ ሲቀር ጥቂት ሰዎች ይወስናሉ፤ ከዚያ ጓሮ በሩ እንደገና ይከፈታል።

አባል የሆናችሁ ወላጆችና አያቶች ልታደርጉ የምትችሉት ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ የአክሲዮን ደረሰኛችሁንና የአባልነት ደብተራችሁን ፈልጉ፤ ከልጆች የልደት ወረቀት ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡት። አባሉ ቢሞት ወራሽ የሚጠይቀው በእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ የጠቅላላ ጉባኤውን ቀን ጠይቁና ሂዱ። የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ የኦዲት ሪፖርቱ እንዲነበብ ጠይቁ። ትርፍ ካለ ለመጠባበቂያ የሚያዘው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለአባላት የሚከፈለውም ስንት እንደሆነ ይነገራችሁ።

ሦስተኛ፣ የዋጋ ዝርዝሩ በግልጽ ተለጥፎ እንደሆነ እዩ። ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋግጡ። ዘይትና የታሸገ ምግብ ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ዓይናችሁ ከደከመ የልጅ ልጃችሁ ያንብብላችሁ።

አራተኛ፣ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለው መሆኑን እሽጉ ላይ እዩ። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ታዝዟል። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ብቻ አያመጣም፤ በእርግዝና ጊዜ ከሆነ የሕፃኑን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ጨዉን በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ሙቀትና ፀሐይ አዮዲኑን ያጠፉታልና። ሱቃችሁ አዮዲን የሌለው ጨው ካመጣ ለኮሚቴው ንገሩ፤ ኮሚቴውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ።

አምስተኛ፣ ልጆችን አብራችሁ ውሰዱ። ወደ ሱቁም፣ ወደ ስብሰባውም። አያቱ ስለ ሒሳብ እጃቸውን አንሥተው ሲጠይቁ ያየ ልጅ ነገ ከፍርሃት ነጻ ሆኖ ይጠይቃል።

አያቶች ስለዚያ ዘመን ለልጅ ልጆቻችሁ ስታወሩ ሰልፉን አትተዉት፤ ያስቃልም፣ ያስተምራልም። የራሽን ካርዱ በእጃችሁ ካለ አሳዩአቸው። ግን ያ ሱቅ በማን ገንዘብ እንደተከፈተ፣ ያዋጡት ሰዎች ለምን ዝም እንዳሉና ዝምታቸው ምን እንዳስከፈላቸው ጨምራችሁ ንገሯቸው። ለሚቀጥለው ጉባኤ ማስታወቂያ በሱቁ በር ላይ ሲለጠፍ ቀኑን የሚያስታውሷችሁ ያኔ እነሱ ይሆናሉ።